የስኳር መጠጥ ከትምህርት ቤት በር ይራቅ

በገጠር ትምህርት ቤት ሲሠራ ድንጋይ ያቀረበው፣ እንጨት የቆረጠው፣ ጭቃ ያቦካው ገበሬው ነው። ደወል በተደወለ ቁጥር በበሩ የሚገባውና የሚወጣውም የገበሬው ልጅ ነው። ይህም በመሆኑ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢና በአጥሩ ዙሪያ የሚሸጠው ነገር ሁሉ ከማንም በፊት የሚመለከተው ገበሬውንና እርሱ የመረጣቸውን የገበሬ ማኅበር መሪዎች መሆኑ አያጠራጥርም።

መንገድ በገባበት የገጠር ቀበሌ በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥ በትምህርት ቤት አጠገብ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። መጠጡ በብርጭቆ ጠርሙስም፣ በፕላስቲክ ዕቃም፣ ቀለምና ስኳር ተቀላቅሎበት በትናንሽ ከረጢት ታስሮም ይሸጣል። ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከወላጁ የተቀበለውን ሳንቲም ይዞ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ይህ ልማድ ሥር ሳይሰድ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ሊገታ ይገባል። ውሳኔው ግን «አይሸጥ» በሚል ቃል ብቻ ካበቃ ከወረቀት አያልፍም። በጠርሙሱ ቦታ ንጹሕ ውሃና ከገበሬው ማሳ፣ በረትና የዶሮ ቤት የተገኘ ምግብ መተካት አለበት። ይህ እንዲሁ በግምት የሚነገር ሳይሆን በሌላ አገር ገበሬ ላይ ከደረሰው የተገኘ ትምህርት ነው።

የሜክሲኮ ገበሬ የደረሰበት

በሰሜን አሜሪካ አህጉር የምትገኘው ሜክሲኮ ለስላሳ መጠጥ በብዛት ከሚጠጣባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ታሪኳ ለኢትዮጵያ ገበሬ ማኅበራት ትምህርት የሚሆነው ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አይደለም። የሜክሲኮ ገበሬ ከኢትዮጵያ ገበሬ ጋር የሚመሳሰልባቸው ብዙ ነገሮች አሉ። (ከዚህ ቀጥሎ የውጭ አገር ዓመታት የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የሜክሲኮ ገበሬ በባላባቶች ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ሲማቅቅ ከኖረ በኋላ በአብዮት የመሬት ጥያቄውን አነሣ። በ1917 የወጣው ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ መሬት ለገበሬው እንዲከፋፈል በር ከፈተ። ከ1934 እስከ 1940 ፕሬዚዳንት በነበሩት በላሳሮ ካርዴናስ ዘመን ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለገበሬዎች ተሰጠ። መሬቱን የተቀበሉት ገበሬዎች ኤሂዶ በሚባል ማኅበር ተደራጁ። ኤሂዶ ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ መሪዎቹን ይመርጣል፤ የጋራ መሬቱን ያስተዳድራል። የአገሪቱ የእርሻ መሬት ሕግ ጉባኤው ከመሬቱ ላይ ከልሎ የትምህርት ቤት ማሳ እንዲያቋቁም ይፈቅድለታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ የሚያስታውሱ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንባቸውም። በዚያ አዋጅ የተቋቋሙት ገበሬ ማኅበራት ከተሰጧቸው ተግባሮች አንዱ ከመንግሥት ጋር በመተባበር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መሥራት ነበር።

የሜክሲኮ ገበሬ ዋና እህሉ በቆሎ ነው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በቺያፓስና በታባስኮ ክፍላተ ሀገር ገበሬው ለሥራ ሲወጣ ፖሶል ይዞ ይሄድ ነበር። ፖሶል በኖራ ውሃ የተቀቀለ በቆሎ ተፈጭቶ እንደ ሊጥ ከተቦካ በኋላ በማሳው ላይ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው። ረሃብንም ጥምንም ያስታግሣል። የደጋው የኢትዮጵያ ገበሬ በሶ በጥብጦ ወይም ጭብጦ ቋጥሮ እንደሚወጣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገድ ተሠራ፤ መኪናም ጠርሙስ ጭኖ ገባ። የመንደሩ ሱቅ ማቀዝቀዣ ተሰጠው፤ ግድግዳው በመጠጡ ቀለም ተቀባ። ንጹሕ ውሃ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት መንደር ደግሞ ጠርሙሱ ከውሃ ይበልጥ ቅርብ ሆነ። በ2018 እንደተዘገበው፣ በቺያፓስ በምትገኘው በሳን ክሪስቶባል ዴ ላስ ካሳስ ከተማ አንዳንድ ሠፈሮች የቧንቧ ውሃ የሚያገኙት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያው ከተማ የሚገኘው የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ግን በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ የከርሰ ምድር ውሃ እንዲያወጣ ፈቃድ ነበረው። በአቅራቢያው ባለችው በሳን ሁዋን ቻሙላ ጠርሙሱ ከመጠጥነት አልፎ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ ሳይቀር ገባ። ለእንግዳ ማቅረቡ የክብር፣ አለማቅረቡ የድህነት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ።

ውጤቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ታየ። በ1988 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ምግብ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የሜክሲኮ ሕፃናት ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆነው የቀነጨረ ነበር። የዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጭንቀት የልጆች መክሳትና ማጠር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2018 በተደረገው ጥናት ደግሞ ከ5 እስከ 11 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 35.6 በመቶ የሚሆኑት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሆኖ ተገኘ። በ2016 የጤና ሚኒስቴሩ ስለ ውፍረትና ስለ ስኳር በሽታ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደረሰ። የስኳር በሽታ ዛሬ በሜክሲኮ ብዙ ሰው ከሚገድሉት በሽታዎች አንዱ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የችግሩ ምንጭ ጠርሙሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የታሸገ ምግብ መብዛቱ፣ የጉልበት ሥራ መቀነሱና የከተማ ኑሮ መስፋፋቱ ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም የስኳር መጠጥ ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ሊወገድ የሚችለው ነው። ለልጅ አካል የሚሰጠው አንዳችም አስፈላጊ ነገር የለምና።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ በተለምዶ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። ይህም ወደ ሰባት የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከተጨማሪ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። በቀን 1,600 ካሎሪ የሚበቃው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቢወሰድ፣ 10 በመቶው 40 ግራም ስኳር፣ 5 በመቶው 20 ግራም ስኳር ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ብቻ የጠጣ ልጅ የመጨረሻውን ወሰን ሦስት አራተኛ ጨረሰ፤ የተሻለውን ወሰን ደግሞ በብዙ አለፈ። በዚያ ላይ በቤቱ የሚጠጣው ሻይ ስኳር አለበት።

ስኳር በውሃ ሟሙቶ ሲጠጣ እንደ ምግብ አያጠግብም። አንድ ዳቦ የበላ ልጅ ከሚቀጥለው ማዕድ ይቀንሳል፤ አንድ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ግን ምግቡን እንደ ወትሮው ይበላል። በየቀኑ የተረፈው ኃይል ስብ ሆኖ በአካል ውስጥ ይከማቻል። ከዚህም ሌላ ስኳሩ በአፍ ውስጥ ላሉት ጀርሞች ቀለብ ይሆናል። ጀርሞቹ የሚያመነጩትና መጠጡ ራሱ የያዘው አሲድ ተደርበው ጥርስን ይበሉታል። የጥርስ ሐኪም በሌለበት ቀበሌ የልጅ ጥርስ ሲበሰብስ የሚከተለው ስቃይና ከትምህርት መቅረት ለማንም ወላጅ የተሰወረ አይደለም።

አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በዚያው ጠርሙስ መጠን የተሰፈረ ወተት ወደ 10 ግራም ፕሮቲንና አጥንትን የሚያጠነክር ካልሲየም አለው። በለስላሳው ውስጥ ፕሮቲን የሚባል የለም። ገበሬው የራሱን እንቁላልና ወተት ገበያ አውጥቶ ሸጦ፣ ከሽያጩ ለልጁ ሳንቲም ሰጥቶ፣ ልጁ በዚያች ሳንቲም የስኳር ውሃ ሲገዛ፣ ከቤቱ የወጣውና ወደ ቤቱ የገባው ሲመዛዘን ኪሣራው የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሕግ ወጣ፤ የት ተሰናከለ?

ሜክሲኮ ችግሩን የተረዳችው ዘግይታ ቢሆንም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የወሰደቻቸውን እርምጃዎች በየተራ መመልከት የተሳካውንና ያልተሳካውን ለመለየት ያስችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ በትምህርት ቤቶች የሚሸጥ ምግብና መጠጥን የሚመለከት በ2010 ወጥቶ ከ2011 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ መመሪያ ነበር። መመሪያው በወረቀት ላይ መልካም ነበር፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ሳይከበር ቀረ። ተቆጣጣሪ አልነበረም፤ መመሪያውን የጣሰም ብዙ የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም። በግቢው ውስጥ ቢከለከል እንኳ ሻጩ ከበሩ ውጪ ቆሞ በአጥር ላይ ይሸጥ ነበር። የሚጠጣ ውሃ የሌለው ትምህርት ቤትም ብዙ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ከጥር 1 ቀን 2014 ጀምሮ በስኳር መጠጥ ላይ የተጣለው በሊትር 1 ፔሶ ቀረጥ ነው። ይህም ዋጋውን በ10 በመቶ ያህል አስወደደው። በመጀመሪያው ዓመት የመጠጡ ግዢ በአማካይ በ6 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ በድሆች ቤተሰቦች ዘንድ ቅናሹ ከዚያ የበለጠ ሆነ። ቀረጥ ድሃውን ይጎዳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ድሃው ግን ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ አዋለው።

በነሐሴ 2020 የዋሃካ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት የስኳር መጠጥና የታሸገ ቅራቅንቦ ምግብ ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ከሜክሲኮ ክፍላተ ሀገር ሁሉ ቀድሞ አጸደቀ። በዚያው ወር ታባስኮ ተከተለ። ዋሃካ ብዙ ነባር ሕዝቦች የሚኖሩባት፣ ቴኪዮ የሚባል እንደ ደቦ ያለ የጋራ ሥራ ልማድ ያላት አገር ናት። ሐሳቡ በቅድሚያ ሕግ የሆነው እንዲህ ባለው የገጠር ምድር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በጥቅምት 2020 ደግሞ ስኳር፣ ጨውና ስብ በበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍ ተደረገ። ማንበብ የማይችል ሰውም ምልክቱን አይቶ ይለየዋል።

በመጨረሻም ከመጋቢት 29 ቀን 2025 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች የስኳር መጠጥና እንዲህ ዓይነቱ ምግብ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ይህ ደንብ ከቀድሞው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጣሰው የትምህርት ቤት ኃላፊ በገንዘብ ይቀጣል፤ ደግሞ ከተገኘ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ የሚጠጣ ውሃ በነፃ እንዲያቀርብ ይጠይቃል።

በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ቺሌም በ2016 ጥቁር ምልክት ያለበትን ምግብና መጠጥ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ፣ ለሕፃናትም በማስታወቂያ እንዳይቀርብ በአንድ ሕግ አጣምራ ከለከለች። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት ምልክቱ የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዢ በ24 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል።

በአንጻሩ በዩናይትድ ስቴትስ 40 ክፍላተ ሀገር ውስጥ በተማሪዎች ላይ የተደረገና በ2011 የወጣ ጥናት ሊሸፈን የማይገባ ሐቅ ገልጿል። የስኳር መጠጥ በከለከሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በግቢው ውስጥ የሚገዙት ቀነሰ፤ በጠቅላላው የሚጠጡት ግን አልቀነሰም። ከበሩ ውጪና በቤታቸው ያገኙት ነበርና። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ክልከላ የሚሠራው በሩን ተሻግሮ መንደሩንም ሲጨምር፣ ተቆጣጣሪ ሲኖረውና በቦታው የሚተካ ነገር ሲዘጋጅ ነው። መንደሩን፣ ቁጥጥሩንና ውሃውን በአንድ ጊዜ ማስተባበር ደግሞ ለከተማ መሥሪያ ቤት ከባድ ሲሆን ለገበሬ ማኅበር የዕለት ሥራው ነው።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «የገበሬ ልጅ የከሳ እንጂ የወፈረ አይደለም» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። በ2019 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው ግን 2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያሳያል። መንግሥትም በሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ገብቷል። በመሆኑም የገጠሩ ዋነኛ ጠላት ዛሬም የምግብ እጥረት ነው።

ነገር ግን ተቃውሞው ክልከላውን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። ሜክሲኮም በ1988 ስለ መቀንጨር ስታስብ ነበር። ሁለቱ ችግሮች ተራ እየጠበቁ አልመጡም፤ በቺያፓስ መንደሮች በአንድ ጣሪያ ሥር የቀነጨረ ሕፃንና ከመጠን በላይ የወፈረች እናት አብረው ይገኛሉ። የጤና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በሕፃንነቱ የተጎዳ አካል ኋላ ስኳርና ስብ ሲበዛበት ከሌላው ይልቅ ለስኳር በሽታ የተጋለጠ ይሆናል። ስለዚህ የመቀንጨር ታሪክ ያለበት አገር ከሌሎች ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ከዚህም በላይ ለተራበ ልጅ ባዶ ስኳር ሰጥቶ የእንቁላሉን ቦታ ማስያዝ ረሃቡን ማታለል እንጂ ማስታገሥ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ከወንዝ ውሃ ይልቅ የታሸገው ንጹሕ ነው» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። ምንጩ ባልተጠበቀበት መንደር ልጅ ከወንዝ ጠጥቶ በተቅማጥ ሲሞት ያየ ወላጅ ጠርሙሱን ቢመርጥ ሊፈረድበት አይችልም። መልሱ ግን የስኳር ውሃ ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ነው። በሳን ክሪስቶባል የታየውም ይኸው ነው፤ ውሃ በጠፋበት ጠርሙስ ይነግሣል። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን መድኃኒት ሊሆን አይችልም። ስኳሩ ስለሚበዛና ጨው ስለሚያንሰው ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። በጤና ኬላ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተለየ ነው፤ ስኳሩና ጨው በልክ የተመጠኑ ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሻጮቹ ነው። በትምህርት ቤት በር ጉልት ይዘው የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ መበለቶችና ገቢ የሌላቸው እናቶች ናቸው። እነርሱን ማባረር ግፍ ይሆናል። የሚያስፈልገው ሻጯን ከቦታዋ ማንሣት ሳይሆን የምትሸጠውን መቀየር ነው። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ የገብስ ዳቦ፣ በሶ፣ ሙዝና ብርቱካን በርሷ እጅ ቢሸጡ ትርፉ በመንደሩ ውስጥ ይቀራል። የጠርሙሱ ዋጋ ግን አብዛኛው ተመልሶ ወደ ከተማ ይሄዳል።

አራተኛው «ልጄን የማጠጣውን እኔ ዐውቃለሁ» የሚል ወላጅ ያነሣዋል። ወላጅ በቤቱ ባለመብት ነው፤ የዋሃካም ሕግ ወላጅ ራሱ ገዝቶ ከመስጠት አልከለከለውም። ትምህርት ቤት ግን የጋራ ነው። አንዱ ልጅ ሲጠጣ ሌላው ቆሞ እያየ ምራቁን ይውጣል፤ ማታም አባቱን ሳንቲም ይለምናል። የአንዱ ቤት ምርጫ የመቶ ቤት ወጪ ይሆናል።

ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

እንግዲህ ከላይ የተባለውን በሥራ ለመተርጎም የማኅበሩ መሪዎች የአዲስ አበባን መመሪያ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ጠቅላላ ጉባኤው በራሱ ሥልጣን ሊወስናቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ ውሃው ይቅደም። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን ምንጭ ማጎልበት፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት፣ ከብት እንዳይገባበት ማጠር በደቦ የሚሠራ ሥራ ነው። የቧንቧ ውሃ እስኪደርስ ድረስ ክዳንና ቧንቧ ያለው በርሜል በየክፍሉ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ውሃውንም በማፍላት ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክር በክሎሪን ማከም ይቻላል። ውሃው ሳይዘጋጅ ጠርሙሱን መከልከል ልጁን በጥም መቅጣት ነው።

ሁለተኛ፣ የክልከላው ወሰን በግልጽ ይነገር። ቅጥር ግቢውን ብቻ ሳይሆን ከበሩ እስከ ተወሰነ ርቀት ያለውን መንገድ ማካተት አለበት። በሜክሲኮ በአጥር ላይ የተደረገው ሽያጭ የሚያስተምረው ይህንን ነው። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት በሳምንት አንድ ጊዜ እየተዘዋወረ ይመልከት፤ ያየውንም ለጉባኤው ያሰማ። የጣሰው ባለሱቅ በመጀመሪያ በምክር፣ ቀጥሎ ጉባኤው በወሰነው መንገድ ይታረም።

ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤቱ መሬት ሥራ ይሥራ። የሜክሲኮ ኤሂዶዎች ሕግ ያወቀው የትምህርት ቤት ማሳ አላቸው። በኢትዮጵያም ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ጾሙን የሚያድር መሬት አላቸው። ጎመን፣ ካሮት፣ ባቄላና አተር ቢዘራበት፣ በአጥሩ ዙሪያ ፓፓያና ብርቱካን ቢተከል፣ ጥቂት ዶሮዎች ቢረቡ ልጁ እርሻን በተግባር ይማራል፤ ከሚማርበትም ይበላል። የልማት ሠራተኛው ዘሩንና ምክሩን ሊያቀርብ ይችላል።

አራተኛ፣ የጾም ጊዜ ይታሰብበት። ለስላሳ መጠጥ የጾም ስለሆነ በጾም ቀን ወተትና እንቁላል የማይቀምሰው ልጅ ወደ ጠርሙሱ ይበልጥ ያዘነብላል። ለዚያ ቀን የሱፍና የተልባ ውሃ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮና በሶ ይዘጋጅ። የማር ብርዝ ግን መልካም የበዓል መጠጥ ቢሆንም እርሱም ስኳር መሆኑን አለመርሳት ይገባል፤ ለየቀኑ አይሆንም።

አምስተኛውና ምናልባት ከሁሉ የከበደው መሪዎቹን ራሳቸውን ይመለከታል። ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ፣ ስብሰባ ሲካሄድ፣ የወላጆች ቀን ሲከበር፣ ከጠረጴዛው ላይ በሳጥን የሚደረደረው ለስላሳ ነው። ልጆቹ ይህንን በመስኮት ያያሉ። ጠርሙስ የክብር ምልክት ሆኖ በመሪው ፊት እየቆመ ለልጁ ጎጂ ነው ቢባል የሚያምን አይገኝም። በሳን ሁዋን ቻሙላ ልማዱን ለመንቀል አስቸጋሪ ያደረገው ከጥም ማስታገሻነት ወደ ክብር መግለጫነት መሸጋገሩ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ስብሰባ በውሃ፣ በበሶና በቆሎ መስተናገድ ቢጀምር፣ ከብዙ ሰዓት ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

እነዚህን ሥራዎች ለማከናወን ከሲሚንቶና ከበርሜል ሌላ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጉባኤው መሰብሰቡ፣ መወሰኑና የወሰነውን መከታተሉ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው፣ አንድ ወላጅ ብቻውን የማይቋቋመውን የልጅ ልመና መንደሩ በሙሉ ሲተባበር በቀላሉ ያልፈዋል።

የሜክሲኮ ገበሬ መሬቱን ያገኘው በትግል ነው። በዚያ መሬት ላይ ያደገው የልጅ ልጁ ዛሬ የስኳር በሽታ መርፌ የሚወጋ መሆኑ ከባድ ትምህርት ነው። ያች አገር አሁን የምታደርገው ትግል ከገባ በኋላ የማስወጣት ነው፤ ለዚህም ቀረጥ፣ ቅጣትና የብዙ ዓመት ክርክር አስፈልጓታል። ሥር ያልሰደደበት የኢትዮጵያ ገጠር ግን ያለ ቅጣትና ያለ ቀረጥ፣ በአንድ ጉባኤ ውሳኔና በአንድ ምንጭ ግንባታ ሊከላከለው ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የትምህርት ቤቱን ውሃና የበሩን ሽያጭ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ አንደኛ አድርገው ሊያውሉት ይገባል።